የሶሉሽን ኮንሰንትሬሽን አሰላል፦ ከጠርሙሱ ጽሑፍ እስከ ፍላስኩ መስመር

ፎርሙላውን በቃላቸው የሚያውቁ ሰዎች ሶሉሽን ሲያዘጋጁ ደጋግመው ሲሳሳቱ አይቻለሁ። ማባዛትና ማካፈል አቅቷቸው አይደለም። ግራሙ ልክ ሆኖ ውሃው ይዛነፋል። ወይም ውሃው ልክ ሆኖ ከጠርሙሱ ላይ ያነበቡት ቁጥር የሌላ ነገር ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ካልኩሌተሩን ለጊዜው አስቀምጡት፤ የምንጀምረው ከጠርሙሱ ነው።

መጀመሪያ በቃላት እንግባባ። ጨው ውሃ ውስጥ ሲሟሟ ጨው ሟሚ፣ ውሃ አሟሚ ይባላሉ። ሁለቱ አንድ ላይ ሶሉሽን ናቸው። ኮንሰንትሬሽን ማለት በተወሰነ መጠን ሶሉሽን ውስጥ ያለ የሟሚ መጠን ነው። «በሶሉሽን ውስጥ» ነው ያልኩት፤ «በውሃ ላይ» አላልኩም። አብዛኛው ጣጣ የሚመጣው ከዚህች ልዩነት ነው።

## ደረጃ 1፦ የተጠየቀው መለኪያ የቱ ነው?

ወረቀት ላይ ሦስት ነገር ጻፉ፦ ምን ንጥረ ነገር፣ በምን መለኪያ፣ ስንት ሚሊ ሊትር። ሦስቱ ሳይጻፉ ምንም አትመዝኑ።

መለኪያዎቹ ይመሳሰላሉ፤ ግን አንድ አይደሉም።

- ሞላር፦ በ1 ሊትር ሶሉሽን ውስጥ ያለ የሟሚ ሞል። ሞል የቅንጣቶች ብዛት የሚቆጠርበት መለኪያ ነው።
- ሞላል፦ በ1 ኪሎ ግራም አሟሚ ላይ የተጨመረ የሟሚ ሞል። ከላይኛው የሚለየው በአንዲት ፊደል ነው፤ ስሌቱ ግን ሌላ ነው። ፊደሏን ሁለት ጊዜ አንብቡ።
- ፐርሰንት፦ ሦስት ዓይነት አለው። ደረጃ 7 ላይ እንመለስበታለን።
- ፒፒኤም፦ ቀጭን የውሃ ሶሉሽን ከሆነ በ1 ሊትር ውስጥ ያለ ሚሊ ግራም ብላችሁ ያዙት።

## ደረጃ 2፦ ጠርሙሱን አንብቡ

ከጠርሙሱ ላይ አራት ነገር ፈልጉ፦ ሙሉ ስሙን፣ ሞላር ማሱን (የ1 ሞል ክብደት በግራም)፣ ንጽሕናውን በፐርሰንት፣ ፈሳሽ ከሆነ ደግሞ ዴንሲቲውን (የ1 ሚሊ ሊትር ክብደት በግራም)።

ስሙን ስታነቡ መጨረሻው ላይ «ሃይድሬት» የሚል ካለ ቁሙ። ክሪስታሉ ውሃ አስሮ መጥቷል ማለት ነው። ሚዛን ላይ ስታስቀምጡት ያ ውሃም አብሮ ይመዘናል።

እኔ ራሴ የተቀጣሁበት ነገር ነው። 0.1 ሞላር ኮፐር ሰልፌት፣ 250 ሚሊ ሊትር አዘጋጅ ተባልኩ። ከመጽሐፍ ሰንጠረዥ 159.61 የሚል ሞላር ማስ አገኘሁና 3.99 ግራም መዘንኩ። የመዘንኩት ግን ሰማያዊውን ክሪስታል ነበር። ሰማያዊው ፔንታሃይድሬት ነው፤ ሞላር ማሱ 249.68 ነው። 159.61 ውሃ የሌለው የነጩ ዱቄት ቁጥር ነው። 0.1 ሞላር ብዬ መለያ የለጠፍኩበት ጠርሙስ ውስጥ የነበረው ሶሉሽን እንግዲህ 0.064 ሞላር ብቻ ነበር። ቀለሙ ያው ሰማያዊ ስለሆነ ማንም አልነቃም። የነቃነው ውጤቶቹ ሁሉ አልገጥም ሲሉን ነው።

ስለዚህ ሞላር ማሱን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከያዛችሁት ጠርሙስ ውሰዱ። ጠርሙሱ ላይ ከሌለ በሙሉ ስሙ ፈልጉት።

## ደረጃ 3፦ መለኪያዎቹን አንድ ቋንቋ አናግሯቸው

ሞላር ስታሰሉ መጠኑ በሊትር፣ ክብደቱ በግራም ይሁን። 250 ሚሊ ሊትር ማለት 0.25 ሊትር ነው። 50 ሚሊ ግራም ማለት 0.05 ግራም ነው።

ይህን ቀይራችሁ ወረቀት ላይ ጻፉት። በጭንቅላት የተቀየረ ቁጥር ነው ሰውን በ1000 እጥፍ የሚያሳስተው።

## ደረጃ 4፦ ከጠጣር ነገር ሞላር ሶሉሽን ማስላት

ቅደም ተከተሉ ይኸው፦

1. የሚፈለገው ሞል = ሞላር × ሊትር
2. የሚመዘነው ግራም = ሞል × ሞላር ማስ
3. ንጽሕናው ከ100 ፐርሰንት በታች ከሆነ፣ ግራሙን በንጽሕናው አካፍሉ

ያንኑ ኮፐር ሰልፌት አሁን በደንብ እንሥራው። 0.1 × 0.25 = 0.025 ሞል። 0.025 × 249.68 = 6.242 ግራም። ጠርሙሱ 98 ፐርሰንት ንጹህ ነው የሚል ከሆነ 6.242 ÷ 0.98 = 6.369 ግራም።

ተጠንቀቁ፦ በንጽሕናው ይካፈላል እንጂ አይባዛም። ያልጠራ ነገር ስትጠቀሙ የምትመዝኑት መጨመር አለበት። መልሳችሁ ከቀነሰ ገልብጣችሁታል።

ተቃራኒው ጥያቄም ይመጣል፦ ይህን ያህል ግራም ይህን ያህል ሶሉሽን ውስጥ ገብቷል፣ ሞላሩ ስንት ነው? ግራሙን በሞላር ማሱ አካፍሉ፤ ያገኛችሁትን ሞል በሊትር አካፍሉ። 9 ግራም የገበታ ጨው 1 ሊትር ሶሉሽን ውስጥ ቢኖር፣ 9 ÷ 58.44 = 0.154 ሞላር።

## ደረጃ 5፦ ከወረቀት ወደ ፍላስክ

ስሌቱ ልክ የሆነለት ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። ረጋ ብላችሁ ሥሩ። መነጽርና ጓንት አድርጉ።

1. ቢከር ውስጥ ጠጣሩን ለኩ። የተመዘነውን ትክክለኛ ቁጥር ጻፉ። 6.242 ፈልጋችሁ 6.250 ከመጣ እሱኑ ጻፉ። በኋላ ትክክለኛው ሞላር የሚሰላው ከዚህ ነው።
2. ከምትፈልጉት መጠን ግማሽ ወይም ትንሽ ከግማሽ በላይ የተጣራ ውሃ ጨምሩ። ለ250 ሚሊ ሊትር ከ120 እስከ 150 ይበቃል። ሙሉውን አታፍስሱ።
3. ሙሉ በሙሉ እስኪሟሟ አማስሉ። ከሥር ያረፈ ቅንጣት ካለ አልተሟሟም።
4. በመሟሟቱ ሞቆ ወይም ቀዝቅዞ ከሆነ ወደ ክፍሉ ሙቀት እስኪመለስ ጠብቁ። ፍላስኩ ብዙውን ጊዜ የተለካው ለ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ ፍላስኩ ላይ ተጽፏል። ሞቃት ሶሉሽን እስከ መስመሩ ሞልታችሁ ሲበርድ ዝቅ ይላል።
5. በፈነል ወደ ቮልዩሜትሪክ ፍላስኩ (አንገቱ ላይ የመጠን መስመር ወዳለው ጠርሙስ) ገልብጡ።
6. ቢከሩን፣ ማማሰያውንና ፈነሉን በጥቂት ውሃ ሦስት ጊዜ አለቅልቁ። ልቃቂውንም እዚያው ፍላስክ ውስጥ ጨምሩ። ቢከሩ ላይ የቀረው ጠብታ የመዘናችሁት ሟሚ ነው፤ ወደ መታጠቢያ ከሄደ ስሌታችሁ አብሮ ሄደ።
7. ውሃ ጨምሩ። መስመሩ ለመድረስ አንድ ጣት ሲቀረው ማፍሰሱን ተዉና በጠብታ ቀጥሉ።
8. ክዳኑን ይዛችሁ ፍላስኩን ከ10 ጊዜ በላይ ገልብጡት። ካልተገለበጠ ከታች ወፍራም፣ አንገቱ ላይ ቀጭን ሆኖ ይቀራል።

### መስመሩ እንዴት ይነበባል?

አንገቱ ውስጥ ያለው የፈሳሽ ገጽ ለጥ ያለ አይደለም። ዳርና ዳሩ መስታወቱን ይዞ ከፍ ይላል፣ መሃሉ እንደ ሳህን ይጎደጉዳል። ሜኒስከስ የሚባለው ይኸው ነው። የሚነበበው የጉድጓዱ ሥር ነው። ሥሩ መስመሩን ሲነካ ቁሙ።

ዓይናችሁ ከመስመሩ ጋር እኩል ይሁን። ፍላስኩን ወደ ላይ አንስታችሁ ወደ ብርሃን አትዩ፤ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡትና እናንተ ጎንበስ በሉ። ፊትና ኋላ ያለው መስመር አንድ ሆኖ ከታያችሁ ቦታው ላይ ናችሁ። ሁለት መስመር ሆኖ ከታየ ወይ ከፍ ወይ ዝቅ ብላችኋል።

እንደ ፖታሲየም ፐርማንጋኔት የጠቆረ ሶሉሽን ከሆነ ሥሩ አይታይም። ያኔ የላይኛውን ጠርዝ አንብቡ፤ ሁልጊዜም በዚያው መንገድ ቀጥሉ።

## ደረጃ 6፦ ወፍራሙን መበረዝ

እዚህ አንድ ቀመር ይበቃል (ጥንካሬ ስል ኮንሰንትሬሽኑን ማለቴ ነው)፦

የወፍራሙ ጥንካሬ × የሚወሰደው መጠን = የሚፈለገው ጥንካሬ × የሚፈለገው መጠን

ውሃ ሲጨመር የሟሚው ሞል አይለወጥም፤ ሐሳቡ ይኸው ነው። መጠኑን በሁለቱም በኩል በሚሊ ሊትር ብትጽፉት ችግር የለም፤ ሁለቱም አንድ ዓይነት ይሁኑ እንጂ።

አስቸጋሪው የወፍራሙን ጥንካሬ ማወቅ ነው። የአሲድ ጠርሙስ ሞላሩን ላይነግራችሁ ይችላል። ፐርሰንቱንና ዴንሲቲውን ግን ይጽፋል። ወደ ሞላር የሚቀየረው እንዲህ ነው፦

ሞላር = ዴንሲቲ × 1000 × ፐርሰንት በአስርዮሽ ÷ ሞላር ማስ

37 ፐርሰንት የሆነ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ዴንሲቲው 1.19 ግራም በሚሊ ሊትር፣ ሞላር ማሱ 36.46 ነው። 1.19 × 1000 × 0.37 ÷ 36.46 = 12.08 ሞላር።

አሁን ከዚህ 1 ሞላር የሆነ 500 ሚሊ ሊትር እንሥራ። 1 × 500 ÷ 12.08 = 41.4 ሚሊ ሊትር። የሚወሰደው አሲድ ይህ ነው።

ዋናው ማስጠንቀቂያ፦ አሲድ ወደ ውሃ ይጨመራል እንጂ ውሃ ወደ አሲድ አይጨመርም። ወፍራም አሲድ ውሃ ሲነካው ይግላል። ጥቂት ውሃ ብዙ አሲድ ላይ ሲወድቅ እዚያው ፈልቶ አሲዱን ፊታችሁ ላይ ይረጨዋል። በተለይ ሰልፈሪክ አሲድ ቀልድ አያውቅም። መጀመሪያ ወደ 300 ሚሊ ሊትር ውሃ ቢከር ውስጥ አድርጉ። አሲዱን ቀስ እያላችሁ፣ እያማሰላችሁ ጨምሩ። ጭሱን በሚስብ ሁድ ሥር ሥሩ። ሲበርድ ወደ ፍላስክ ገልብጡና ቢከሩን አለቅልቃችሁ እስከ መስመሩ ሙሉ። ፒፔት (ፈሳሽ መጥጦ የሚለካ ቀጭን ቱቦ) በአፍ መሳብ ፈጽሞ የለም።

እንዲህ የተሠራ አሲድ «1 ሞላር ገደማ» ነው። ሃይድሮክሎሪክ ከጠርሙሱ እየተነነ ስለሚወጣ 37 ፐርሰንቱም እንደ ተከፈተበት ቀን አይቆይም። ቁርጥ ያለ ቁጥር ከፈለጋችሁ በቲትሬሽን (ጥንካሬው ከታወቀ ሌላ ሶሉሽን ጋር እያገናኙ በመለካት) አረጋግጡት።

በነገራችን ላይ «ጠንካራ አሲድ» እና «ወፍራም አሲድ» አንድ አይደሉም። ጠንካራ የሚባለው ውሃ ውስጥ ሙሉ በሙሉ አዮን (ቻርጅ ያለው ቅንጣት) የሚሆነው ነው። የተበረዘ ሃይድሮክሎሪክ ቀጭን ቢሆንም ጠንካራ አሲድነቱ አይቀርም።

### የሚወሰደው መጠን በጣም ሲያንስ

1 ሞላር ከሆነ ሶሉሽን 0.001 ሞላር የሆነ 100 ሚሊ ሊትር ፈለጋችሁ እንበል። ቀመሩ 0.1 ሚሊ ሊትር ውሰዱ ይላል። ይህን በተራ ፒፔት ልክ አድርጎ መውሰድ ከባድ ነው። በደረጃ በርዙት፦ 10 ሚሊ ሊትር ወስዳችሁ እስከ 100 ሙሉ፤ 0.1 ሆነ። ከእሱ 10 ወስዳችሁ እስከ 100፤ 0.01። አንዴ ድገሙት፤ 0.001። በየመሃሉ ፍላስኩን ገልብጣችሁ ቀላቅሉ፣ ፒፔቱንም ቀይሩ ወይም በሚቀጥለው ሶሉሽን አለቅልቁ። በመጀመሪያው ዙር የሠራችሁት ስህተት እስከ መጨረሻው ይከተላችኋል።

### «1 ለ 10» ማለት ምን ማለት ነው?

አንዳንዱ 1 እጅ ሶሉሽን ከ10 እጅ ውሃ ጋር ይላል፤ ጠቅላላው 11 ይሆናል። ሌላው 1 እጅ ወስደህ ጠቅላላውን 10 አድርሰው ይላል፤ ውሃው 9 ነው። ያዘዛችሁን ሰው ጠይቁ። እናንተ ስትጽፉ ደግሞ «10 ሚሊ ሊትር ወስዳችሁ እስከ 100 ሙሉ» ብላችሁ ጻፉ፤ ማንም አይደናገርም።

## ደረጃ 7፦ ሦስቱ ፐርሰንቶች

ክብደት በክብደት። 5 ፐርሰንት ጨው ማለት 5 ግራም ጨውና 95 ግራም ውሃ፤ ጠቅላላው 100 ግራም። 100 ግራም ውሃ ላይ 5 ግራም ከጨመራችሁ 5 ÷ 105 ስለሆነ 4.76 ፐርሰንት ነው የሠራችሁት።

ክብደት በመጠን። 5 ግራም ጨው አሟሙታችሁ ሶሉሽኑን እስከ 100 ሚሊ ሊትር ትሞላላችሁ።

መጠን በመጠን። ፈሳሽ በፈሳሽ ሲሆን ነው፤ አልኮል ዋናው ምሳሌ ነው። ከ96 ፐርሰንት ኢታኖል 70 ፐርሰንት የሆነ 1000 ሚሊ ሊትር ለመሥራት፣ 70 × 1000 ÷ 96 = 729 ሚሊ ሊትር። ይህን ለክታችሁ እስከ 1000 በውሃ ሙሉ። «1000 ሲቀነስ 729፣ ውሃው 271 ነው» ብላችሁ ለይታችሁ ለክታችሁ ብትጨምሩ 1000 አይሞላም። አልኮልና ውሃ ሲቀላቀሉ መጠናቸው ይቀንሳል። 50 ሚሊ ሊትር ንጹህ ኢታኖልና 50 ሚሊ ሊትር ውሃ አንድ ላይ ሲሆኑ ወደ 96 ወይም 97 ናቸው፤ 100 አይሆኑም። ስትሠሩ እሳት አካባቢ አይኑር።

የደረጃ 6 ቀመር በመጠን የሚለካ ፐርሰንት ላይም ይሠራል። 5 ፐርሰንት በረኪናን ወደ 0.5 ለማውረድ፦ 0.5 × 1000 ÷ 5 = 100 ሚሊ ሊትር፤ ከዚያ እስከ 1000 ውሃ። በረኪና ከአሲድም ከአሞኒያም ጋር አይገናኝ፤ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው።

## ደረጃ 8፦ ፒፒኤም ላይ የተደበቀችው ወጥመድ

«100 ፒፒኤም ሶዲየም፣ 500 ሚሊ ሊትር» ተብላችሁ ታዘዛችሁ። 100 ሚሊ ግራም × 0.5 ሊትር = 50 ሚሊ ግራም። ታዲያ 50 ሚሊ ግራም ጨው ትመዝናላችሁ? አይደለም። የታዘዘው ሶዲየም ነው፤ ጨው ደግሞ ሶዲየም ብቻ አይደለም። ሶዲየም 22.99፣ ጨው 58.44 ነው። 50 × 58.44 ÷ 22.99 = 127.1 ሚሊ ግራም ጨው ያስፈልጋል። «የምን ፒፒኤም?» ብላችሁ ሳትጠይቁ አትመዝኑ።

## ደረጃ 9፦ ሁለት ሶሉሽን ሲቀላቀል

አንድ ዓይነት ሟሚ ያላቸው ሁለት ሶሉሽኖች ከሆኑ ሞሎቹን ደምሩ፣ ከዚያ በጠቅላላው መጠን አካፍሉ። 200 ሚሊ ሊትር 0.5 ሞላር እና 300 ሚሊ ሊትር 0.1 ሞላር፦ 0.1 ሞል ሲደመር 0.03 ሞል 0.13 ነው። በ0.5 ሊትር ሲካፈል 0.26 ሞላር። ሁለቱን ሞላር ደምራችሁ ለሁለት ብትከፍሉ 0.3 ይመጣል፤ ስህተት ነው። መጠናቸው እኩል ሲሆን ብቻ ነው የሚያዋጣው።

## ደረጃ 10፦ መልሱ ያስኬዳል ወይ?

ከመመዘናችሁ በፊት ቁጥሩን ጠርጥሩት። ንጹህ ውሃ ራሱ 55 ሞላር ገደማ ነው። የተለመደው ወፍራም ሰልፈሪክ አሲድ 18፣ ወፍራም ሃይድሮክሎሪክ 12 ገደማ ነው። ስሌታችሁ 120 ሞላር ጨው ካወጣ ሚሊ ግራሙን ወደ ግራም ሳትቀይሩ ቀርታችሁ ይሆናል። ስትበርዙም መልሱ ከወፍራሙ ማነስ አለበት። የሚወሰደው መጠን ከጠቅላላው ከበለጠ ቁጥሮቹን አቀያይራችኋል።

## ሲበላሽ ምን ይደረጋል?

መስመሩን አለፈ። ትርፉን በፒፔት መጥጣችሁ አታውጡ። ከውሃው ጋር ሟሚውም አብሮ ይወጣል፤ ደረጃው ይስተካከላል እንጂ የቀረው እንደ ቀጠነ ነው። ድፉትና እንደገና ጀምሩ። እንደ ሥራ መድገም የሚያናድድ የለም፤ አውቃለሁ። የሚደፋበትን ቦታ ግን በኬሚካሉ ደንብ ለዩ፤ ሁሉም በመታጠቢያ አይሄድም።

ገልብጣችሁ ስትመለሱ ደረጃው ከመስመሩ ዝቅ ብሏል። ተዉት። ክዳኑንና አንገቱን ያረጠበው ፈሳሽ ነው። ውሃ ብትጨምሩ ታቀጥኑታላችሁ።

አልሟሟም አለ። የመሟሟት ልኩን አልፋችሁ ይሆናል። ትንሽ ማሞቅ ይረዳል፤ ግን አብርዳችሁ ሙሉ። ሲበርድ መልሶ ክሪስታል ከሠራ የፈለጋችሁት ጥንካሬ በዚያ ሙቀት አይገኝም።

ወፍሮ ወጣ። ይህ ይድናል። 250 ሚሊ ሊትር 0.12 ሞላር ሆኖ 0.10 ከፈለጋችሁ፣ 0.12 × 250 ÷ 0.10 = 300። እስከ 300 ሚሊ ሊትር በርዙት።

ቀጥኖ ወጣ። ጠጣር መጨመር ያማልላል፤ ግን መጠኑም አብሮ ይለወጣል። ብዙ ካልሆነ እንደገና መሥራት ይሻላል። ወይም ትክክለኛውን ቁጥር አስሉና መለያው ላይ እሱን ጻፉ፤ 0.094 ሞላር ከታወቀ ምንም አይጎዳም።

ሚዛኑ ላይ ቁጥሩ አልቆም አለ። ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ከሆነ ፍሬዎቹ ከአየር ላይ እርጥበት እየሳቡ ነው። ዓይናችሁ እያየ ማብረቅረቅ፣ ከዚያ መጣበቅ ይጀምራሉ። ክዳኑን ቶሎ ግጠሙ፣ ፈጥናችሁ መዝኑ፣ የመጣውን ቁጥር ጽፋችሁ ቀጥሉ፤ ትክክለኛ ጥንካሬው በቲትሬሽን ይገኛል። ሲሟሟ በጣም ስለሚግል ውሃው ውስጥ በጥቂት በጥቂቱ ጨምሩት፤ ቆዳ ላይ ከነካ ወዲያው በብዙ ውሃ እጠቡ።

## ጠርሙሱ ላይ ምን ይጻፍ?

ሙሉ ስም ከነሃይድሬቱ፣ ጥንካሬው ከነመለኪያው፣ አሟሚው፣ ቀኑ፣ የአዘጋጁ ስም፣ የአደጋ ምልክቱ። በእርሳስ ወይም ውሃ በማያስለቅቀው ቀለም ጻፉ። ፍላስኩ ውስጥ አታቆዩት፤ ፍላስክ መለኪያ እንጂ ማስቀመጫ አይደለም። የሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ሶሉሽን ደግሞ የመስታወት ክዳን ባለው ጠርሙስ ከተቀመጠ ክዳኑ ይጣበቅና አይከፈትም፤ የፕላስቲክ ጠርሙስ አዘጋጁለት።